የተሻረው የይለፍ ቃል

ከሻንጣው መጀመሪያ የወጣው መንጋጋ የታችኛው ነበር።

ፈታሿ ጓንት ባጠለቀ እጇ አነሣችና ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። ነጭ የጀሶ መንጋጋ ነው፤ ድድ አለው፤ ሦስት ጥርስ ይጎድለዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን መልሳ ሰደደች። ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛ ወጣ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ከጠረጴዛው ማዶ የቆሙትን ሽማግሌ አየቻቸው።

«አባቴ፣ የዚህ ሁሉ ባለቤት የት ሄደ?»

«ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ደህና ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «ደንበኞቼ ናቸው። ለናሙና ነው የያዝኩት። እህቴ አይታ የወደደችውን እንድትመርጥ።»

ሽማግሌው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ አርባ ዓመት የደፈኑ ባለሙያ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከሕፃን እስከ አዋቂ «ጋሽ መንጋጋ» ነው የሚላቸው። የዚያን ቀን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው። ባሕር ማዶ ከልጆቿ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህታቸው ጥርሷ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጆቿ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ቢሏት «አፌን ለማላውቀው ሰው አልከፍትም፤ ወንድሜን አምጡልኝ» ብላ ድርቅ አለች። ተለመነች፣ ተለመነች፣ አልሆነም። ስለዚህ ጋሽ መንጋጋ ግማሽ ወርክሾፓቸውን በአንድ የእጅ ሻንጣ ጠቅጥቀው ተነሡ።

ፈታሿ አሁን ከሻንጣው ሥር ምንም ያልተጻፈበት ፌስታል አወጣች። ሁለት ኪሎ የሚሆን ነጭ ዱቄት ነው። ከኋላቸው በሰልፍ የቆሙት መንገደኞች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄስ?»

«ጀሶ ነው፣ ልጄ።»

«ይሄኛውስ?» ሌላ ፌስታል፣ ሮዝ ዱቄት።

«እሱ የአፍ ቅርጽ መውሰጃ ነው። ውሃ ሲነካው ይረጋል። አሽትቺው እስኪ፣ ሚንት ሚንት ይላል።»

«አላሸትም!» አለች ፈታሿ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ።

ክፉ ሰው አልነበረችም። ሥራዋ ነው። ከሰልፉ ጎን ወዳለች፣ በመጋረጃ ብቻ ወደተከለለች ጠባብ ክፍል አስገባቻቸውና ወንበር ሰጠቻቸው። ዱቄቱ የሥራ ዕቃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ ቢያንስ የሙያ ፈቃዳቸውን ማየት እንዳለባት ነገረቻቸው። የሙያ ፈቃዳቸው ደግሞ በመስታወት ተደርጎ፣ ወርክሾፓቸው ግድግዳ ላይ፣ በሚስማር ተሰቅሏል።

«ችግር የለም» አለች ፈታሿ። «ቤት ይደውሉና ፎቶ አንሥተው ይላኩልን። አውሮፕላኑ ሊነሣ ገና ሰዓት ከሩብ አለው።»

ጋሽ መንጋጋ ስልካቸውን አወጡና አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ስልኩ ተንቀጠቀጠና አላውቅህም አላቸው። አመልካች ጣታቸውን ሞከሩ። አላወቃቸውም። የግራ እጃቸውን ሞከሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ጀሶ ሲያቦኩና የሚሽከረከር ብሩሽ ላይ ጥርስ ሲወለውሉ የጣታቸው አሻራ አብሮ ተወልውሎ ነበር፤ እንደ ማንኪያ ጀርባ ልሙጥ ነው። ስልኩ አንዳንድ ቀን ያውቃቸዋል፣ አንዳንድ ቀን ይክዳቸዋል። ዛሬ የክህደት ቀን ሆነ። ባለ ስምንት አሃዙን የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ልጃቸው ናት የሞላችው። እሳቸው በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተውት ነበር፤ ልጃቸው አገኘችውና «አባዬ፣ ሚስጥር በኪስ አይያዝም!» ብላ ቀዳደደችው።

«የባለቤቴን ቁጥር ግን በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ መንጋጋ። እውነትም ያውቁታል። ፈታሿ የቢሮውን ስልክ አንሥታ ደወለችና፣ በሥራ ልማዷ፣ ራሷ መናገር ጀመረች።

«ጤና ይስጥልኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ክፍል ነው የምደውለው። ባለቤትዎ እዚህ እኛ ጋ ናቸው፤ ትንሽ ችግር ገጥሟቸው ነበርና አንድ ሰነድ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልን…»

ቀጭ! ስልኩ ተዘጋ።

ለምን እንደተዘጋ ለመረዳት የጋሽ መንጋጋን ልጅ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት ልጃቸው ናት። አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል ትሠራለች፤ የሌባ ነገር ሲነሣ ዓይኗ እንደ መብራት ቦግ ይላል፤ ቤት ውስጥ «ቁልፍ» ነው የሚሏት። ከሁለት ወር በፊት እናቷ ስልክ ተደውሎላቸው ነበር። የደወለው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ድምፁ ቁርጥ የእሱ ነው። «አክስቴ፣ ስልኬ ተሰረቀ፤ አሁን በስልክሽ የሚገባልሽን ቁጥር አንብቢልኝ» ይላቸዋል። ሊያነቡለት መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ የወንድማቸው ልጅ ራሱ ዳቦ ይዞ በበሩ ገባ። ሴትየዋ ስልኩን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ስልኩን ወርውረው ሶፋው ላይ ወጡ።

ቁልፍ ያን ዕለት ስብሰባ ጠራች። ዘንድሮ ድምፅ እንደ ኮት የሚዋሱት ነገር ሆኗል፤ ማሽን የፈለገውን ሰው ድምፅ ይለብሳል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ከማይታወቅ ቁጥር የደወለ የቤተሰብ ሰው የይለፍ ቃል ይናገራል፤ ካልተናገረ ይዘጋበታል አለች። ቃሉ ስም አይሆንም፣ የልደት ቀን አይሆንም፣ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ይሁኑ ተባለ። ግማሽ ቀን ተከራከሩና በመጨረሻ «እንቅልፋም ጃንጥላ» ላይ ተስማሙ።

ጋሽ መንጋጋ ይህን አሁን አስታወሱና ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«ቃሉን! ቃሉን አልነገርናቸውም! ስጪኝ ስልኩን፣ እኔ ልናገር!»

ተደወለ። ይህን ጊዜ ያነሣችው ቁልፍ ናት።

«ማን ልበል?» አለች፤ ድምፅዋ በረዶ ነው።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ!» ጋሽ መንጋጋ ደረታቸውን ነፉ፤ ፈታሿን በኩራት እያዩ፣ ቃል በቃል፣ ጥርት አድርገው ተናገሩ። «እንቅልፋም! ጃንጥላ!»

የቁልፍ ድምፅ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ «እማዬ! አሮጌውን ቃል ነው የሚለው! ያን ያፈተለከውን! በለው፣ ሌቦቹ ሰፈራችን ድረስ ገብተዋል!» ሲል ተሰማ። ቀጭ!

ጋሽ መንጋጋ እጀታውን እንደያዙ ቀሩ።

«አሮጌው?» አሉ። «ቃል ያረጃል እንዴ?»

ያረጃል። ያስረጁት ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው። ሚስጥር ይዞ መኖር እንዲህ የሚያስደስት መሆኑን ሴትየዋ ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር፤ ደስታው አላስችል ሲላቸው ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ በጆሮዋ ሹክ አሏት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ልብስ ስትለካ ዝም ማለት አይሆንላትም። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲራገጡ «እንቅልፋም ጃንጥላ!» እየተባባሉ ይጮኹ ጀመር። ቁልፍ ጸጉሯን ነጨች፤ ቃሉ ተሻረ፤ አዲስ ተመረጠ። አዲሱን ልትነግራቸው ወደ ወርክሾፑ በሄደች ጊዜ ጋሽ መንጋጋ የመወልወያ ሞተራቸውን አስነሥተው ነበር። በር ላይ ቆማ ጮኸች። እሳቸው ምሳ ደርሷል ያለቻቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ። ቁልፍ ሰምቷል ብላ ሄደች።

የክፍሉ መጋረጃ ተገለጠና የጥበቃ ኃላፊው ገባ። ሃምሳውን ያለፈ ጎምላላ ሰው ነው፤ ሲናገር አፉን በእጁ ይከልላል። ፈታሿ ነገሩን አስረዳችው። መንጋጋዎቹን በተራ አየ፣ ዱቄቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ውሃ ስጡኝና ላሳያችሁ» አሉ ጋሽ መንጋጋ። «ጀሶ ከሆነ ይሞቃል፣ ይጠነክራል። በዐሥር ደቂቃ እጅዎን ቀርጬ አሳይዎታለሁ።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም ነገር ከምንም ነገር ጋር አይደባለቅም» አለ ኃላፊው አፉን ከልሎ።

ጋሽ መንጋጋ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ኃላፊው ሲናገር ከቃሎቹ ሥር «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ አለ። ለሌላ ሰው ጆሮ ምንም አይደለም፤ ለእሳቸው ግን እንደ ደወል ነው።

«የላይኛው ነው አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «‹ሰ› ሲሉ ይወርዳል። ማን ነው የሠራልዎት?»

ኃላፊው ቀላ። ፈታሿ ኮርኒሱን መመርመር ጀመረች።

«ይደወል» አለ ኃላፊው ቆጣ ብሎ። «አርባ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ላውድ ላይ አድርጊው፤ ሁላችንም እንስማ።»

ይህ «ሁላችንም» የተባለው እሱ ካሰበው በላይ ሰፊ ሆነ። መጋረጃው ቀጭን ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሕዝቡም ሰልፍ ላይ ቆሞ ከመንጋጋዎቹ ታሪክ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረውም። ሰዎች ሻንጣቸውን እየገፉ ተጠጉ።

«ሃሎ» አለች ቁልፍ። «ቁጥራችሁን ለፖሊስ ልሰጠው ነው፤ ካሁን በኋላ…»

«ልጄ፣ ሞተሩ ነው! ሞተሩ እየሠራ ነበር፣ አዲሱን ቃል አልሰማሁትም!»

«የሚገርም ነው፤ ሌባም እንዲሁ ነው የሚለው።»

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ድምፁ ግን የእሱ ነው…»

«እማዬ፣ ድምፅ ምንም አይደለም አላልኩሽም?»

«እሺ፣ እሺ። ግን ሲያሳዝን! አንተ ሰውዬ፣ እሱ ከሆንክ ዝም ብለህ ‹ባለመነጽር ድንች› በላትና ተገላገል!»

«እማዬ!!!»

«ባለመነጽር ድንች!» ብለው ጮኹ ጋሽ መንጋጋ። ከመጋረጃው ውጭ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ሰው «እኛም ይዘነዋል፣ እናቴ!» አለ።

ቁልፍ ስትተነፍስ ተሰማ። «በል» አለች፤ «ቃሉ ሞቷል። እንግዲህ ያለን ጥያቄ ነው። ቤታችን ውስጥ አልዘጋ ያለው በር የትኛው ነው?»

«የጓዳው! ከሥር ያብጣል።»

«ይህን የመጣ እንግዳ ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ ልጠይቀው» አሉ እናትየው፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ሳቅ የሚል ነገር ገብቷል። «በሠርጋችን ቀን ምን ጠፋብህ?»

«አንድ እግር ጫማዬ። በወንድምሽ ጫማ ነው የተሞሸርኩት፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። ጋዜጣ ጠቅጥቄ እየተንሻፈፍኩ…»

«ፎቶው ላይ ይታያል» አለች ቁልፍ። «ፎቶ የሚሰረቅ ነገር ነው።»

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ ቆዪ» አሉ እናትየው። ሴትየዋ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ዳግመኛ እንደማይገኝ ድንገት ተገልጦላቸው ነበር። «እናቴ የሰጠችኝን የአበባ ማስቀመጫ ማን ሰበረው?»

ጋሽ መንጋጋ ክርናቸውን አሹ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ማስቀመጫ በድመቷ ተሳብቦ ኖሯል። ድመቷ በእሱ ምክንያት ከሳሎን ተባራለች። ድመቷ ከሞተች እንኳ ዐሥር ዓመት አልፏታል።

«ይናገሩ፣ ጋሼ!» አለ አንድ ሰው ከመጋረጃው ማዶ።

«አውሮፕላኑ ያመልጥዎታል!» አለች ሌላዋ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ መንጋጋ። «በክርኔ።»

ሰልፉ «ኦ!» አለ ባንድ ድምፅ።

«እሱ ነው!» ብለው ጮኹ ባለቤታቸው። «ራሱ ነው! ድሮም አውቄዋለሁ! ያቺ ምስኪን ድመት!»

«እማዬ፣ አይሆንም፤ ሌባ የሆነ ሰው ያልሠራውንም ያምናል!»

«ዝም በይ አንቺ! አንተ፣ ስማ፣ እኔም ልንገርህ። ሬዲዮህ በእርጅና አልተበላሸም። ባልዲ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ስታንጫጫው መረረኝ!»

«ሬዲዮዬን?» ጋሽ መንጋጋ ከወንበራቸው ተነሡ። «ለሦስት ጠጋኝ ነው ያሳየሁት! አንዱ እንዲያውም ‹ባሕር ገብቶ ነበር ወይ› ብሎኝ ሰድቤው ወጣሁ!»

ውጭ ያለው ሕዝብ ሆዱን ይዟል። ሕፃን ያዘለች ሴት እንባዋን በመሳፈሪያ ወረቀቷ ትጠርጋለች። «ይቅር ተባባሉ!» የሚል አለ፤ «ገና ነው፣ ገና አላለቀም፣ አታስታርቋቸው!» የሚልም አለ። ፈታሿ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ኃላፊው ራሱን ለመግታት ጥርሱን ነከሰ፤ ጉንጩን ነፋ፤ አልቻለም። «ኻ!» ብሎ ሲፈነዳ የላይኛው ጥርሱ ተስፈንጥሮ ወጣ። አየር ላይ ቀለበው። ጋሽ መንጋጋ በዚያ ሁሉ መሃል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው መዳፉን አዩና «ጠርዙ ነው፣ ጠርዙ ረዝሟል፤ ትንሽ ሞረድ ቢደረግ ይበቃዋል» አሉ።

«ዝም በሉ ሁላችሁም!» አለች ቁልፍ።

ዝም ተባለ። ሰልፉም ጭምር።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረኝ። እኔ ትምህርቴን በስንት ዓመት ጨረስኩ?»

ጋሽ መንጋጋ ወደ መጋረጃው ዞር ብለው አዩ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ሠላሳ ደቂቃ ቀርቷል።

«ይህን» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚህ አልናገርም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው እየሰማ አልናገርም። ላውዱን አጥፊልኝ» አሉ ፈታሿን። «አንቺም፣ ልጄ፣ አጥፊና ከእናትሽ ራቅ በይ። ካልሆነ አውሮፕላኑ ይሂድ።»

ፈታሿ ኃላፊውን አየችው፤ ጥርሱን መልሶ እየገጠመ ነበርና በዓይኑ ፈቀደ። ላውዱን አጠፋችው። ጋሽ መንጋጋ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ውጭ ያለው ሕዝብ ጆሮውን ቢቀስርም የሰማው ሽማግሌ ሲያንሾካሹክ ብቻ ነው።

«ሰው ቢጠይቀኝ አራት ነው የምለው» አሉ። «አንቺ የምትይው እሱን ስለሆነ። ግን አምስት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ወደቅሽ። በሚቀጥለው መስከረም እስክትመዘገቢ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቦርሳሽን ይዘሽ ትወጪ ነበር፤ ለእናትሽ ትምህርት ቤት ነኝ ብለሽ። ቤተ መጻሕፍት ነበር የምትውዪው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደንበኛዬ ነበር፤ ጥርሱን ልለካለት ስሄድ አየሁሽ። መስኮቱ አጠገብ። ሦስት ጊዜ አየሁሽ።»

በዚያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«ያ መስኮት» አለች ቁልፍ፤ ድምፅዋ በረዶነቱን ሁሉ ትቶ የሕፃን ሆኗል። «ያ ሰውዬ ሁልጊዜ ወንበሩን ይይዝልኝ ነበር። ሌላ ሰው ሲቀመጥ ያስነሣው ነበር። እኔ እኮ ዝም ብሎ ደግ ሰው መስሎኝ…»

«ደግ ሰው ነው። ብርድ እንዳይመታሽ መስኮቱን ዝጋላት ብዬው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ መች ነገርሽኝ?»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰሙ። «አራት ብትል ኖሮ ነው የማምንህ» አለች። «እውነተኛው አባዬ አምስት መሆኑን አያውቅም ብዬ ነው የጠየቅኩት። አምስት የሚል ካለ መዝገቡን የሰረቀ ሌባ ነው ብዬ።» ከዚያ፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ባይለይም፣ «ሌባ መስኮት አያዘጋም» አለች። «ምንድን ነው የሚላከው? ፈቃድህ ነው? ወዴት ልላክ?»

ጋሽ መንጋጋ ዞሩ። ዓይናቸው ርሷል፤ ፊታቸው ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ስቋል። «አመነችኝ!» አሉ። ሰልፉ አጨበጨበ። ምን እንደታመነ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም አጨበጨበ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀረ። ቁልፍና እናቷ ወደ ወርክሾፑ ሮጡ። እናትየው ወንበር ላይ ወጡ፤ ፈቃዱን ከነመስታወቱ ከነሚስማሩ ነቀሉት። ፎቶው በኃላፊው ስልክ ገባ። ኃላፊው ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ፣ አዘቀዘቀ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሁሉም ጥቁር ነው እኮ!»

ቁልፍ ሰነድ እንዲሁ መላክ አይሆንላትም። የአባቷን ስም በጥቁር ሸፍናዋለች፤ የፈቃዱን ቁጥር ሸፍናዋለች፤ የትውልድ ዘመናቸውን ሸፍናዋለች፤ ፎቷቸውን ከአፍንጫቸው በላይ ሸፍናዋለች። የሚታየው ማኅተሙና የጋሽ መንጋጋ ጢም ብቻ ነው።

«የግል መረጃ ነው» አለች በስልክ። «ማን እንደሚያየው በምን ይታወቃል?»

«እኔ ነኝ የማየው!» አለ ኃላፊው። «እንዳየው ነው የሚላከው!»

«እሺ፣ ከስሙ ግማሹን ልክፈትልዎት?»

«ልጄ» አሉ ጋሽ መንጋጋ፣ «እናትሽ ባልዲዋን፣ እኔ ክርኔን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ተናግረናል። የፈቃዴን ቁጥር አይተው ምን ይሆኑብኛል?»

ሁለተኛው ፎቶ መጣ። በግልጽ ይነበባል፤ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር፣ በቀይ፣ ለዚህ በረራ ለዚህ ፍተሻ ብቻ የሚያገለግል፣ ከዛሬ ቀን ውጭ ያየው ሁሉ በሕግ ይጠየቃል የሚል ጽሑፍ ተጋድሞበታል። በፈቃዱ መስታወት ነጸብራቅ ላይ ደግሞ እናትየው ወንበር ላይ ቆመው፣ ሚስማር በአፋቸው ይዘው ይታያሉ። ኃላፊው ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይቺ ልጅ እኛ ጋ ብትቀጠር» አለ ለፈታሿ፣ «አንድ መንገደኛም አያልፍም ነበር።»

ማኅተም አሳረፈ። ሰባቱን መንጋጋ ወደ ሻንጣው ለመመለስ ፈታሿ ብቻዋን አልቻለችም፤ ኃላፊውም ገባ፤ ሕፃን ያዘለችውም ሴት መጋረጃውን ገልጣ ገብታ አንዱን ይዛ ቆመች። ጋሽ መንጋጋ ሻንጣቸውን ታቅፈው፣ ቀበቷቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንድ እግር ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ሮጡ። ኃላፊው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተከተላቸውና፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣ «መቼ ነው የሚመለሱት?» አላቸው በሹክሹክታ።

«በሦስት ሳምንት! እስከዚያ በዚያኛው በኩል ያኝኩ!»

አውሮፕላኑ ውስጥ የገቡት የመጨረሻው መንገደኛ እሳቸው ናቸው። በመተላለፊያው ሲያልፉ ከወዲህ አንዱ «እንቅልፋም ጃንጥላ!» አላቸው፤ ከወዲያ ሌላዋ «ባለመነጽር ድንች!» ብላ መለሰች፤ ጉዳዩን ያላየው ግማሹ መንገደኛ ያዩትን ይጠይቅ ጀመር። አስተናጋጇ ቀበቶዎን ይሰሩ ስትላቸው ለጊዜው አልሰሟትም። ብቻቸውን ይስቁ ነበር። ሬዲዮው ትዝ ይላቸዋል፤ ይስቃሉ። መስኮቱ ትዝ ይላቸዋል፤ ዝም ይላሉ፤ መልሰው ይስቃሉ።

እህታቸው አፏን ከፈተች። ሦስት ሳምንት ለኩ፣ ቀረጹ፣ ሞረዱ፤ አንድ ጊዜ የልጆቿን የምግብ ጠረጴዛ በጀሶ አነጡት። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እህታቸው ሙሉ ጥርሷን ይዛ መስታወት ፊት ቆመች፤ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፖም አነሣችና ገመጠች። ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ።

በተመለሱ ቀን ቁልፍ መድረሻው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የይለፍ ቃል አልጠየቀቻቸውም። ሻንጣቸውን ተቀብላ አቀፈቻቸው፤ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጋ። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መንገዱ ተጨናንቋል፤ ሁለቱም ለመጀመር የሚከብዳቸውን ነገር ይዘው ሦስተኛው ፌርማታ ደረሱ።

«ያኔ» አሉ ጋሽ መንጋጋ፣ «ያን ሁሉ ወር። ምን ነበር የምታነቢው?»

ቁልፍ አሰበችና ሳቀች። «አባዬ፣ አይረባም። የትምህርቱን መጽሐፍ ሳየው ያስጠላኝ ነበር። ስለ ዓሣ ነባሪ ነበር የማነበው። አንድ ሙሉ መደርደሪያ ነበራቸው፤ ጨረስኩት።»

«ዓሣ ነባሪ!» ጋሽ መንጋጋ በመቀመጫቸው ላይ ዞሩ። «ጥርስ አለው?»

«አንዳንዱ አለው። ትልቁ ግን የለውም።»

«የለውም?» አሉ፤ እውነተኛ የሙያ ድንጋጤ ፊታቸው ላይ እየታየ። «ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ? ታዲያ በምን ይበላል?»

ቁልፍ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አመቻቸች፤ ሁለት እጇን እንደ መንጋጋ ዘርግታ ከላይ የሚንጠለጠለውን ጸጉር መሰል ማጣሪያ በጣቶቿ ማሳየት ጀመረች፤ ጋሽ መንጋጋም መነጽራቸውን አወጡ።